ለአንድ ሟች ሁለት ድንኳን

ዝናሽ የአባቷን ሞት የሰማችው ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከጎኗ ከተቀመጠ ወንበር አከራይ አፍ ነው። ሰውየው የሚያወራው ከእሷ ጋር አልነበረም፤ ስልክ ላይ ነበር። ሰባ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንዱ በዐሥራ አምስት ብር፤ ነጭ ድንኳን ከነምሰሶው በሦስት ሺህ፤ ማድረሻው ለብቻ። «ዛሬ ነው እንጂ ቀብሩ፤ ሊነጋጋ ሲል ነው ያረፉት» ይላል። «ፀዳ ነው፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ። እነዚያ ጠባቦቹ የሚባሉት የሉም? የእነሱ ሰው፣ አቶ ክንዱ። ድንኳኑ ነጭ ካልሆነ አንፈልግም ብለዋል። ሐዘን አይደለም፣ ሽኝት ነው አሉኝ።» ከወዲያ በኩል የሚጠይቀውን ሰው አዳመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ቢያደርግም አፉ ከዝናሽ ጆሮ አንድ ክንድ አይርቅም። «ሴት ልጅ አለቻቸው አሉ። ከሃይማኖቱ ስለወጣች አይነገራትም ተብሏል። እኔ ምን አውቄ፣ የወንበር ሰው ነኝ።»

ዝናሽ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ወንበሩ ነው። ባለፈው ወር የአከራይዋ ልጅ ሲመረቅ አንዱ በዐሥራ ሁለት ብር ነበር። ሦስት ብር በአንድ ወር! ክር ጨምሯል፣ ዚፕ ጨምሯል፣ የስፌት ማኪናዬ ዘይት ጨምሯል፤ ወንበርስ ምን ቤት ነው የማይጨምረው፣ አለች በልቧ። ይህን አስባ ከጨረሰች በኋላ ነው ጆሮዋ የሰማው ነገር ወደ ውስጥ የዘለቀው። ዞር ብላ ሰውየውን አየችው። አምሳ ዓመት ግድም፣ ጉንጩ የሞላ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ የሰካ ሰው ነው።

«የትኛው ክንዱ?» አለችው።

«መነጽር የሚያደርጉት፤ ድሮ ግብርና ቢሮ የነበሩት። ታውቂያቸዋለሽ?»

«አባቴ ነው።»

መርዶ ወግ አለው። ጎሕ ሳይቀድ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ከፊት ይሆናል፣ ባለሐዘኗ ራሷን እንዳትጥል ከግራና ከቀኝ የሚይዛት ሰው ይመደባል። አወቀ፣ የወንበር አከራዩ ስም ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሐዘን ላይ ወንበር ሲደረድር የኖረ ሰው ነውና ይህን ወግ ከማንም በላይ ያውቃል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው በታክሲ ውስጥ፣ በስልክ፣ ከነማድረሻ ዋጋው መርዶ ተናጋሪ ሆኖ የተገኘው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ወራጅ!» ብሎ ጮኸ፤ ታክሲው ሳይቆም ነው በሩን የያዘው። መንገዱ ዳር ካወረዳት በኋላ የሚይዛት ሌላ ሰው ስላልነበረ ሁለት እጆቿን ራሱ ያዘ። «እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ እኔ አፌን ይቁረጠው» አለና ማልቀስ ጀመረ። ዝናሽ ገና አላለቀሰችም። ለአቶ ክንዱ በአደባባይ የመጀመሪያውን እንባ ያፈሰሰው ሰው ሟቹን የሚያውቃቸው በሰባ ወንበር ብቻ ነበር።

ወደ ፀዳ የወሰዳቸው ባለባጃጅ ቤንዚን የገዛው ከጥቁር ገበያ መሆኑን ምሎ ሁለት መቶ ብር ጠየቀ፤ ነገሩን ሲሰማ ግን አንድ ብር አልቀበልም አለ። ዝናሽ ከኋላ ተቀምጣ አስፋልቱን ታያለች። ከእሷ ቤት እስከ አባቷ ቤት በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። በዚህ ሩብ ሰዓት መንገድ ላይ አራት ዓመት ሙሉ አልሄደችም። የጠባቡ ደጅ ጉባኤ ጎንደር ውስጥ ከሦስት መቶ የማይበልጥ ሰው ያለው ማኅበር ነው፤ እርስ በርስ ወንድምና እኅት ይባባላሉ፣ እድር አይገቡም፣ ሰርግ አይጨፍሩም፣ ለቅሶ አያለቅሱም። የሰፈር ሰው ጠባቦቹ ይላቸዋል፤ እነሱም ስሙን በክፉ አይወስዱትም። ገብቶ የወጣ ሰው «የተቆረጠ» ይባላል። ለተቆረጠ ሰው ሰላምታ የለም፣ ማዕድ የለም፣ ምክር የለም። ዝናሽ ሁለት መስመር ደብዳቤ ጽፋ ነው የወጣችው፦ «ከእንግዲህ አልመጣም። ማንንም አልጠላሁም።» መልሱ በሚቀጥለው እሁድ በጉባኤው ፊት ተነበበ። ያነበበው የጉባኤው ጸሐፊ አባቷ ነበር። ያኔ እዚያ ተቀምጣ የነበረች አንዲት የድሮ ጓደኛዋ ኋላ በሹክሹክታ እንደነገረቻት፣ ድሮ የማዳበሪያ ማከፋፈያ ማስታወቂያ በሚያነብበት ድምፅ ነው ያነበበው፤ አልፈጠነም፣ አልዘገየም።

ለዚያውም አባቷ መቆረጥን የሚያውቅ ሰው ነው። የደባት ሰው ነው፤ ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት የአባቶቹን እምነት ትቶ ጉባኤው ሲገባ የሥጋ ወንድሞቹ ቅዳሜ ገበያ ላይ አይተውት ፊታቸውን አዙረዋል። ይህን ታሪክ በየዓመቱ በጉባኤው ፊት ቆሞ ይመሰክር ነበር። «ከአንድ ጡት የጠባን ወንድሞቼ እንደ በሽተኛ አለፉኝ» ብሎ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። ጉባኤውም የዓለምን ጭካኔ እያሰበ አብሮት ያለቅሳል፤ ለምስክርነት የሚፈስ እንባ አይከለከልም።

የቤቱ በር ባለ ሁለት ተካፋች ሰፊ የብረት በር ነው፤ አረንጓዴውን ቀለም አባቷ ራሱ ነው የቀባው። በሩ ላይ ታናሽ ወንድሟ አለምነህ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። ዘጠኝ ዓመት ትበልጠዋለች፤ አዝላዋለች፣ ፊደል አስቆጥራዋለች። ሲያያት ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ዓይኑን ጫማዋ ላይ ጣለና አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞሮ፣ «ውጭ ያሉት ሰው ጉዳይ ስላላቸው ጠባቂውን ጥራልን» አለ። ዝናሽ ደነገጠች። ዕድሜ ልኩን አንቺ ብሏት የኖረው ወንድሟ አንቱ አላት። ከአፉ የሰማችው ክብር ይህ የመጀመሪያው ነው።

የጉባኤው ጠባቂ ወንድም አዝመራ አጭር፣ ንጹሕ፣ ሲናገር የማይቆጣ ሰው ነው። በደንቡ መሠረት ከተቆረጠ ሰው ጋር መነጋገር የተፈቀደው ለእሱ ብቻ ነው። ስለዚህ እናቷና ወንድሟ ባሉበት ግቢ ውስጥ ዝናሽን ማናገር የሚችለው፣ ከሰው ሁሉ ልትሰማው የማትፈልገው ሰው ሆነ።

«እኅ… ዝናሽ» አለ፣ ቃሉን መሃል ላይ ቆርጦ። «በመምጣትሽ ጉባኤው አይከፋውም። ደንባችን ሰው እንደሚያወራው ጨካኝ አይደለም። ሽኝቱ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ እንደ ማንኛውም ጎረቤት መግባት ትችያለሽ። እንደ ልጅ ግን አይቻልም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ጎረቤት ከኋላ ይቀመጣል። አያለቅስም። ወደ ቤተሰቡ አይጠጋም።»

«አስከሬኑንስ ልየው?»

አዝመራ ጥቂት አሰበ፤ ይህ በደንቡ ላይ አልተጻፈም። «ጎረቤት አስከሬን ምን ያደርግለታል?» አለ በለሆሳስ፣ ለእሷ ያዘነ ይመስል።

ገባች። የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ አወቀ ገና ከጋሪ ያወረደው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነጩ ድንኳን ውስጥ ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው፤ ሰዎቹ ነጭ ለብሰዋል፣ በየወንበሩ ላይ የታሸገ ውኃና «የጻድቅ ዕረፍት» የሚል ወረቀት ተቀምጧል። ከፊት የእናቷን ጀርባ አየች። ሽታዬ አንገቷን አቅንታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አኑራ፣ ፎቶ እንደምትነሳ ሰው ተቀምጣለች። ለመጨረሻ ጊዜ ካየቻት ወዲህ ትከሻዋ ጠብቧል። ወጣቶች ስለ ሰማያዊቱ ከተማ በጭብጨባ ዘመሩ። ከዚያ አለምነህ ወረቀት ይዞ ተነሳና የሟቹን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ጀመረ። ክንዱ በ1949 ዓ.ም. ደባት አካባቢ ተወለደ። በግብርና ሠራተኝነት ሠላሳ ዓመት አገለገለ። በ1994 ዓ.ም. ከጨለማ ወጥቶ በጠባቡ ደጅ ገባ። የጉባኤው ጸሐፊ ነበር። ድምፁ እንደ አባቱ ድምፅ አልፈጠነም፣ አልዘገየም፦ «ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነበር።»

ዝናሽ ስትነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። የፕላስቲክ ወንበር ሲወድቅ ይህን ያህል ይጮኻል ብሎ ማን ያስባል? ሰው ሁሉ ዞረ። እናቷ ብቻ አልዞረችም።

«ሁለት» አለች ዝናሽ። «ሁለት ነን።»

አዝመራ ጣቱን አነሳ፤ ወጣቶቹ መዝሙሩን ከመሃሉ ጀመሩት። ማንም አልጎተታትም፣ ማንም አልገፋትም። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ነጠላቸው እንዳይነካት ሰብሰብ አድርገው ነው የለቀቁላት። ወጥታ መንገዱ መሃል ቆመች። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። ሱቋ ውስጥ ለአምስት ሰዓት የቀጠረችው ደንበኛ አለ፤ የዚያን ሰውዬ ሱሪ ለማሳጠር እንድትመለስ ያሰበችበት አንድ አፍታ ነበረ።

«ነይ ወዲህ!» የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ። በርበሬና ሽሮ የምትሸጠው ወይዘሮ አበቡ ናት፤ ከአባቷ ቤት ፊት ለፊት ሠላሳ ዓመት የኖረች ጎረቤት። «ሐዘንተኛ መንገድ ላይ አይገተርም። ምነው እንደ እንግዳ ትቆሚያለሽ፣ እዚህ ሰፈር አላደግሽም?»

«እትዬ አበቡ፣ አንድ ልጅ አለው አሉ።»

«ሰምቻለሁ። አጥር እንጂ ግንብ የለንም።» ይህን ብላ ክንዷን ያዘቻትና ወደ ግቢዋ ጎተተቻት። ከሦስት ዓመት በፊት «የምትኖሪበት ሰፈር ሰው አያውቅሽም፤ ብትሞቺ ማን ያነሳሻል» ብላ፣ ሱቋ ድረስ ሄዳ፣ በግድ የፀዳን መረዳጃ እድር ያስገባቻት እሷ ነበረች። ወዲያው ወደ እድሩ ዳኛ ሰው ላከች። አያ ሰጠኝ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ደንቡን በላስቲክ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ይዘው የሚዞሩ ሰው ናቸው። ሲደርሱ ዝናሽን ሳሟትና እዚያው ቆመው መነጽራቸውን አደረጉ።

«አባሏ ማን ናት?»

«እሷ» አለች አበቡ።

«የሞተው?»

«አባቷ።»

«ወላጅ ነው፤ አንቀጽ ሰባት። ድንኳን፣ ስልሳ ወንበር፣ ሁለት በርሜል ውኃ፣ ንፍሮ።»

አብሯቸው ከመጡት አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «አያ ሰጠኝ፣ ሰውየው እኮ እድሩን ጣዖት ነው ብለው ጥለው የወጡ ናቸው። ድንኳን ልንተክልላቸው ነው?» አለ።

«ስለ ሟች ጠባይ ደንቡ አይልም» አሉ አያ ሰጠኝ ወረቀቱን እያጠፉ። «የሟች ጠባይ ቢጠየቅ ኖሮ እስከ ዛሬ ስንቱን እንቀብር ነበር? በሉ ምሰሶውን አምጡ።»

አራት ሰዓት ሳይሞላ ሁለተኛው ድንኳን ከመጀመሪያው ፊት ለፊት ተተከለ። በመካከላቸው ያለው አንድ ጋሪ የሚያሳልፍ የድንጋይ መንገድ ብቻ ነው። የእድሩ ድንኳን ቡና ዓይነት፣ በሦስት ቦታ የተጣፈ፣ ዝናብ ሲመታው የኖረ ሸራ ነው። ከስልሳው ወንበር ሃያው ሰርግ ላይ ስለነበረ አወቀ የጎደለውን ከራሱ ሞላ፤ ዋጋ ሲጠየቅ «የእኔ ምላስ ካሳ ነው» ብሎ ጋሪውን እየገፋ ሄደ። ዝናሽን መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ አስቀመጧት። አበቡ ፊቷ ቆማ ደረቷን መታ አደረገችና በዚያ በሻከረ ድምፅዋ፣

«አንድ አባት፣ አንድ ሬሳ፣ አንድ ሳጥን አይቼ፣
ለማን እንደማለቅስ ጠፋኝ መሃል ገብቼ»

ስትል ከጧት ጀምሮ ተይዞ የነበረው የዝናሽ እንባ ፈነዳ።

ሰፈርተኛው ግራ ተጋባ፤ ግን የጎንደር ሰው ለቅሶ ላይ ግራ ተጋብቶ አይቀርም። ለቤተሰቡም ለልጅቱም መድረስ ደንብ ነውና ሁለቱም ጋ ደረሰ። ሴቶቹ ነጩ ድንኳን ውስጥ ነጠላቸውን ወግ አድርገው ለብሰው፣ ዓይናቸው ደርቆ፣ «እንኳን ደስ አላችሁ እንበል ወይስ?» በሚል ፊት ይቀመጣሉ፤ ወረቀቷን ይቀበላሉ፣ ውኃዋን ይጠጣሉ። ከዚያ ይነሱና የድንጋይ መንገዱ መሃል ላይ ቆም ብለው ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፤ አዘቅዝቀው ሲጨርሱ «ወይኔ አያ ክንዱ!» እያሉ ይገባሉ። አንዲት አሮጊት ቸኩለው በተቃራኒው አደረጉት፤ አዘቅዝቀው ነጩ ድንኳን ውስጥ እየጮኹ ገብተው ወጣቶች በትሕትና አስወጧቸው። ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ንፍሮው ሲቀርብ ሽታው መንገዱን ተሻገረ። ከነጩ ድንኳን ሁለት ሦስት ሰዎች አየር ለመቀበል ብለው ወጥተው በዚያው አጥር ጥግ ጥጉን ሲሄዱ ታይተዋል። እዚያ መዝሙሩ ከፍ ሲል እዚህ ለቅሶው ከፍ ይላል፤ እዚህ ለቅሶው ከፍ ሲል እዚያ ሌላ መዝሙር ይጨመራል። በመሃል ያለው ሟቹ ብቻ ነው ዝም ያለው።

ቀብሩ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጉባኤው ከከተማው ወጣ ብሎ በገዛው በሽቦ የታጠረ መሬት ላይ ሆነ። ሳጥኑን ነጭ ለባሾቹ ተሸከሙት፤ እድርተኛው ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ተከተለ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ በሩ ከአባላት በቀር ለሌላው ዝግ ሆነ። የእድሩ ጎልማሶች ዱላቸውን ጨበጥ ሲያደርጉ ዝናሽ «በእናታችሁ፣ ተዉ» አለች። አባቷ ሲወርድ ያየችው በሽቦው ቀዳዳ፣ በሰው ትከሻ መካከል ነው፤ ያየችውም የሳጥኑን አንድ ጫፍ ነው። ሁሉም ከሄደ በኋላ ከአበቡ ጋር በሽቦው ሥር ገብታ አዲሱ አፈር ዘንድ ቆመች። ለአባቷ የምትለው ነገር ነበራት፤ አራት ዓመት ሙሉ ማኪናዋ ላይ አጎንብሳ እያሳጠረችና እያስረዘመች ያዘጋጀችው ነው። ግማሹ ስድብ፣ ግማሹ ልመና። አንዱም አልመጣላትም። ከአፈሩ ውስጥ አንድ ስለታም ድንጋይ መርጣ አወጣችና ወደ ጎን አስቀመጠችው፤ ያን ብቻ አድርጋ ተመለሰች።

ዐሥር ሰዓት ላይ ሰው መቀነስ ጀመረ። አያ ሰጠኝ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። በማዶ ሽታዬ ከነጩ ድንኳን ተነሳች። አጠገቧ ያለችው ሴት ወዴት ነው አለቻት፤ ወደ ደጅ አለች። ወደ ደጅ ወጣች፤ ግን አልቆመችም። ባዶ እጇን ከጎኗ አንጠልጥላ፣ ድንጋዩን እየመረጠች፣ መንገዱን ተሻገረች። መሃል ላይ ስትደርስ ነጠላዋን ማዘቅዘቅ ረስታ ነበር፤ አበቡ ሮጣ አዘቀዘቀችላት። የእድሩ ሰው በሙሉ ብድግ አለ፤ ለሟች ሚስት የሚነሳው ሰው ቆሞ ሲያያት፣ ከጧት ጀምሮ አንድም ሰው ያልተነሳላት ሴት ደንግጣ ልትመለስ ቃጣት። ከዚያ ፍራሹ ላይ፣ ዝናሽ አጠገብ ተቀመጠች። ትከሻቸው ተነካካ። አራት ዓመት ያልተነጋገሩ ሰዎች ምን ይባባላሉ? ሁለቱም ፊት ለፊታቸው ያለውን የውኃ በርሜል ተመለከቱ።

«ጠርቶሽ ነበር» አለች ሽታዬ በመጨረሻ፣ ለበርሜሉ እንደምትናገር። «ሆስፒታል ከገባን ጀምሮ ዝናሽን ጥሩልኝ ነው የሚለው። ወንድም አዝመራ መጣና መድኃኒቱ ነው የሚያናግረው እንጂ እሱ አይደለም አለን። አለምነህም እውነት ነው አለ።»

«አንቺስ?»

«እኔ መድኃኒት ሰው በስሙ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ምነው ሳትደውይልኝ? ምነው እማዬ?» ዝናሽ ድምፅዋ ከፍ ማለቱን አላወቀችም። «እዚሁ ሆኜ! በእግሬ እመጣ ነበር!»

«ደውያለሁ።»

«መቼ?»

«ሰኞ። ማክሰኞም። ትናንትም።» ሽታዬ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ከጎናችን አልጋ ባሏን የምታስታምም የደንቢያ ሴት ነበረች፤ በእሷ ስልክ። ቁጥርሽን በቃሌ ነው የማውቀው። ደንቡ መነጋገር አይቻልም ይላል፤ መስማትን አላነሳም። ደወልሁና በጆሮው ላይ አደረግሁለት።»

ዝናሽ ትዝ አላት። የማታውቀው ቁጥር ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይደውላል፤ ስታነሳው ዝም። ከዝምታው ጀርባ የሚያቃጭል ነገርና የሆነ ሰው የሚከብድ ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

«ሰኞ ሃሎ፣ ማን ልበል? አልሽ» አለች እናቷ። «ደጋግመሽ ማን ልበል አልሽ። እሷ ናት አለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማሽ። ማክሰኞ ኔትወርክ ነው መሰል ብለሽ ዘጋሽው። ማን ልበል አላለችም ብሎ ቅር አለው።»

«ትናንትስ?» አለች ዝናሽ። ትናንት ያለችውን ታውቃለች። የደንበኛ ቀሚስ እየለካች፣ አፏ ውስጥ መርፌ ነክሳ ነበር ያነሳችው። መርፌውን ተፍታ፣ ሴትዮዋ እስክትስቅ ድረስ፣ አንተ ሥራ ፈት፣ የሚያዋራህ ሰው አጣህ ወይ፣ ዳግመኛ ብትደውል በዚህ መቀስ ነው ምላስህን የምቆርጠው ብላዋለች። ከዚያም በላይ ብላዋለች።

«ትናንት ሰደብሽው» አለች ሽታዬ። «ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ጥርሱን አይቼው አላውቅም፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ምላሷ ደኅና ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ጥሩልኝ አላለም።»

ዝናሽ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አበቡ ሮጣ መጣች፤ ጎንበስ ብላ ስታያት ልጅቱ የምታለቅስ ይሁን የምትስቅ መለየት አቃታት። ሁለቱንም ነበር። «እማዬ፣ ሥራ ፈት ነው ያልሁት» ትላለች። «አባቴን ሥራ ፈት ነው ያልሁት።»

«እኛ ቤት ከዚያ የሚሻል ነገር ከተሰማ አራት ዓመት አለፈው» አለች ሽታዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ እያየቻት። እጇን አንስታ የልጇን ፀጉር፣ ግንባሯ ላይ ያለውን ብቻ፣ ወደ ኋላ አደረገችላት።

የድንኳኑ አፍ ላይ ጥላ ወደቀ። ወንድም አዝመራ ነው። አልገባም፤ ጫማውን ከሸራው ጠርዝ ውጭ አስተካክሎ ቆመ። «እኅት ሽታዬ፣ የማታው ጸሎት ሊጀመር ነው» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው የለሰለሰ ነው።

«ጀምሩ» አለች።

«የተቀመጥሽበት ቦታ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ፍራሽ ነው» አለች ሽታዬ። «ከጧት ጀምሮ ወንበር ላይ ነበርሁ፤ ወገቤን አሞኛል።»

አያ ሰጠኝ ነቅተው፣ «ይግቡ፣ ንፍሮ ይቅመሱ እንጂ» አሉት ከልባቸው፤ የእድር ደንብ በር ላይ የቆመን ሰው እንዲገባ መለመን ነው። አዝመራ ጎንበስ ብሎ አመሰገነና ተመለሰ። የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። እሁድ ስሟ ይነበባል፤ ጸሐፊው ስለሞተ የሚያነብበው ተተኪው ጸሐፊ ይሆናል፤ ተተኪው ጸሐፊ ከወር በፊት የተመረጠው አለምነህ ነው።

አለምነህ በማዶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጠባቂው አጠገቡ ሲያልፍ አንድ ነገር አለው፤ ምን እንዳለው አልተሰማም። ልጁ እናቱን አየ። ሽታዬ ከፍራሹ ላይ ሳትነሳ፣ ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ እንደሚደረገው፣ እጇን ጥቂት ከፍ አደረገችለት። አለምነህ የበሩን አንዱን ተካፋች ገፋ፤ ቆመ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ገፋ። የብረቱ መቀርቀሪያ ሲገባ መንገዱን አልፎ ተሰማ፤ ከኋላው ወዲያው መዝሙሩ ተነሳ፤ ከዘማሪዎቹ ድምፅ መካከል የእሱን ለመለየት ሽታዬ ራሷን ወደዚያ ዘንበል አድርጋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። መለየት አልቻለችም።

«እሱንስ» አለች ወደ ልጇ ዞራ፣ «አሁን በማን ስልክ እሰማዋለሁ?»